የስፌት ማሽናችሁን ጌጥ ስፌቶች ኩዊልት ላይ እንዴት ትጠቀማላችሁ (የሕፃን ብርድ ልብስ እየሰራን)

አዲስ ስፌት ማሽን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያረገው ነገር የታወቀ ነው፣ ቁራጭ ጨርቅ ያመጣና ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ልቡን፣ ዳክዬውን አንድ በአንድ እየነካ ይሰፋል፣ ቤት ያለውን ሰው ጠርቶ "ኧረ ይሄን እዩልኝ" ይላል፣ ከዛ በኋላ ማሽኑ ዕድሜውን ሙሉ ቀጥታና ዚግዛግ ብቻ ሲሰፋ ይኖራል። ያን ሁሉ ብር የተከፈለበት ግን ሳጥኑ ላይ 100 ምናምን ስፌት ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ቀሚስ ላይ ጌጡን የት እንደምታስገቡት ግራ ሊገባችሁ ይችላል፣ ኩዊልት ላይ ግን ቦታ ሞልቷል።

ለማታውቁት፣ ኩዊልት አሜሪካ ውስጥ ሴቶች (ወንዶችም አሉ) ቤታቸው የሚሰሩት ባለ ሦስት ንብርብር ብርድ ልብስ ነው። ከላይ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ መሀል ባቲንግ የሚሉት ስስ የጥጥ ወይ የፖሊስተር ንጣፍ፣ ከስር ደግሞ ገበር። ሦስቱን ወግቶ አንድ ላይ የሚይዛቸው ስፌት ነው ኩዊልቲንግ የሚባለው፣ እሱ ከሌለ አንዴ ሲታጠብ መሀሉ ያለው ባቲንግ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ይከማቻል። ብዙ ሰው ይሄን ስፌት ቀጥታ መስመር አርጎ ይሰፋል፣ ወይም የማሽኑን ጥርስ (ጨርቁን ከስር የሚጎትተውን) አውርዶ በእጁ እየነዳ ይስላል። በእጅ መንዳት ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ጌጥ ስፌቱ ግን ማሽኑ ራሱ ነው የሚስለው፣ የእናንተ ስራ ጨርቁን ቀጥ አርጎ መያዝ ብቻ ነው፣ ስለዚ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ይሄ ይመስለኛል፣ ለምን ብዙ እንደማይወራለት አይገባኝም።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር አዲስ ፋሽን አይደለም። በ1880ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ክሬዚ ኩዊልት የሚባል ነገር ብዙ ሰው ይዞት ነበር፣ ቅርጽ የሌለው የሐርና የከፋይ ቁርጥራጭ እንደመጣለት ተገጣጥሞ መገጣጠሚያው ላይ ሁሉ በእጅ የላባ ምናምን ጥልፍ ይጠለፍበታል። በ1876 ፊላደልፊያ ላይ የነበረው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ከታየው የጃፓን ዕቃ የመጣ ነው ይባላል። ማሽን ጌጥ መስፋት የቻለው ግን በጣም ዘግይቶ ነው፣ የስዊዙ ኤልና በ1952 ያወጣው ሱፐርማቲክ ዲስክ ይቀየርለትና ጌጡ ይቀየራል፣ በ1975 ደግሞ ሲንጀር አቴና 2000 የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ማሽን አመጣ፣ ከዛ ወዲህ ቁልፍ መንካት ብቻ ሆነ። ሁላችንም የምናውቀው ጥቁሩ የፔዳል ሲንጀር ቀጥታ ብቻ ስለሆነ የሚሰፋው ለዚህ ስራ አይሆንም፣ ቁርጥራጩን ለመገጣጠም ግን የሚያክለው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄንን ያዙ፣ ክሩ ጥቅጥቅ ያለው ጌጥ ሦስቱ ከመደራረባቸው በፊት ላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ይሰፋል፣ ሳሳ ያለው ጌጥ ደግሞ ሦስቱን አንድ ላይ እየወጋ ይሰፋል። ጥቅጥቅ የሚባለው የቱ ነው? ማሽኑ ላይ ያለውን ስዕል እዩት፣ ቅርጹ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ከተሞላ (ቅጠል፣ ልብ፣ ክብ፣ ሳቲን የሚባለው ሁሉ) ጥቅጥቅ ነው። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ስለሚወጋ ሦስት ንብርብር ላይ ሲሆን ጨርቁን ይሰበስበዋል፣ ባቲንጉን ይጨፈልቀዋል፣ ብርድ ልብሱ ካርቶን ይሆናል። ስዕሉ ላይ መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው፣ ማለትም ሞገዱ፣ ላባው፣ ቀፎ መሳዩ፣ መስቀልያው፣ እሱ ሳሳ ያለ ነው፣ ባቲንጉ ሳይታፈን ጉብ ጉብ ብሎ ይቀራል፣ የኩዊልት ውበት ደግሞ ያቺ ጉብታ ናት።

ስለዚ ማሽናችሁ 200 ስፌት ቢኖረውም ሦስቱን ንብርብር ለመውጋት የምትመላለሱባቸው አምስት ወይ ስድስት ናቸው። የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሰርፐንታይን የሚሉት ሞገድ ነው፣ ወደፊት ብቻ ስለሚሄድ ችግር አይፈጥርም። ማሽናችሁ ሞገድ ከሌለው ደግሞ ባለ ሦስት እርምጃውን ዚግዛግ ፈልጉ፣ የፓንት ላስቲክ ለመስፋት የሚጠቅመው ነው፣ ዚግዛጉ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ በአንዴ ሳይሆን በትንንሽ ሦስት ስፌት ይሄዳል። ርካሹ የሚዞር ቁልፍ ያለው ማሽን ላይ ሳይቀር አለ። ስፋቱን እስከ መጨረሻ፣ ርዝመቱን 2 ወይ 2.5 ስታረጉት የላስቲክ ስፌትነቱ ይቀርና ቆንጆ ጌጥ ይሆናል። ዲፎልቱ (ማሽኑ ራሱ የሚያወጣው ልክ) ላይ እንዳለ ከሰፋችሁት ግን የተጨማደደ ነገር ነው የሚሆነው፣ እና "ይሄ ስፌት አያምርም" ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ዲፎልት የተሰራው ለአንድ ስስ ጨርቅ ነው እንጂ ለኩዊልት አይደለም፣ ሁሉንም ጌጥ ሰፋ ረዘም አርጋችሁ ሞክሩት።

ክርና መርፌ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙው ችግር ከዚህ ነው የሚመጣው። የክር ቁጥር ሲያንስ ክሩ ይወፍራል፣ 50 ቁጥር ቀጭን ነው፣ 40 ትንሽ ወፈር ይላል፣ 28 በደንብ ይታያል፣ 12 ደግሞ የእጅ ጥልፍ ሊመስል ምንም አይቀረው። ለጌጥ 40 ቁጥር ጥጥ ወይም የሚያብረቀርቀው ፖሊስተር ይበቃል። 28 የምትጠቀሙ ከሆነ ሳሳ ላለው ጌጥ ብቻ፣ ጥቅጥቅ ላለው ከተጠቀማችሁት ክሩ በክር ላይ ይቆለልና ማሽኑ እዛው ተቸክሎ ይቀራል። ቦቢን (ከስር የምትገባው ትንሿ የክር መጠቅለያ) ውስጥ 50 ወይ 60 ቁጥር ቀጭን ክር አርጉ፣ ቀለሙ ከገበሩ ጋር የሚሄድ። መርፌ ቶፕስቲች የሚባለውን 90/14 ግዙ፣ ቀዳዳው ረጅምና ሰፊ ስለሆነ ክሩን አይፍቀውም፣ ለ12 ቁጥር ክር ግን 100/16 ያስፈልጋል። ማሽኑ ጋር የመጣው አሮጌ መርፌ አይሆንም፣ ኩዊልት ስትጀምሩ አዲስ መርፌ አስገቡ፣ ከአንድ ቡና ያነሰ ዋጋ ነው ያለው እና አትሰስቱ። የወርቅና የብር ክር ያምራል፣ ለሱ ራሱን የቻለ ሜታሊክ መርፌ አለው፣ ቴንሽኑን (የክሩን ውጥረት) ላላ፣ ስፒዱን ቀስ። ለሕፃን ብርድ ልብስ ግን በፍጹም፣ ይቧጭራል።

ዕቃውን የት ነው የምናገኘው ለምትሉ፣ ጆአን የሚባለው ትልቁ የጨርቅና የስፌት ዕቃ ሻጭ 2025 ላይ ሱቆቹን በሙሉ ስለዘጋ አሜሪካ ያላችሁት ኦንላይን ነው ወይም የሰፈር ኩዊልት ሱቅ። የሰፈሮቹ ዋጋቸው ወደድ ይላል ግን ክሩን ጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ ቀለሙን ታያላችሁ፣ ስልክ ላይ የታየ ቀለም አይታመንም።

ማሽኑን ስታዘጋጁ መጀመሪያ ከመርፌው ስር ያለውን ሳህን ቼክ አርጉ። ቀጥታ ስፌት ለማሳመር ብላችሁ ክብ ቀዳዳ ብቻ ያለውን ሳህን ገጥማችሁ ከሆነ አውጡት፣ ጌጥ ስፌት መርፌውን ወደ ጎን ስለሚወስደው ሳህኑን ይመታና ይሰበራል፣ የተሰበረ መርፌ ደግሞ ወዴት እንደሚፈናጠር አይታወቅም። ቀጥሎ እግሩ። ሦስት ንብርብር ለመስፋት ዎኪንግ ፉት የሚባለው ትልቅ እግር ያስፈልጋል፣ የራሱ ጥርስ አለው፣ ከስር ያሉት የማሽኑ ጥርሶች ገበሩን ሲጎትቱ እሱ ላይኛውን አብሮ ይጎትተዋል፣ ስለዚ ጨርቁ አይንሸራተትም። ግን ይሄ እግር ወደፊት ለሚሄድ ስፌት ነው የተሰራው፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሰፋ ጌጥ ላይ አይሆንም፣ ከነጭራሹ ሊበላሽም ይችላል። ጌጡ ወደ ኋላ ይመለስ አይመለስ ስዕሉን አይቶ ማወቅ ያስቸግራል፣ በተለይ ላባው አንዱ ማሽን ላይ ይመለሳል ሌላው ላይ አይመለስም። መላው ቀላል ነው፣ ፔዳሉን ሳትረግጡ በቀኝ በኩል ያለውን ጎማ በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ እያዞራችሁ አንድ ሙሉ ቅርጽ አስጨርሱት። ጨርቁ ወደ እናንተ ተመልሶ ከመጣ ለዎኪንግ ፉት አይሆንም። በዛው መርፌው የእግሩን ግራና ቀኝ ይነካ እንደሆነም ታያላችሁ፣ ከነካ ስፋቱን ቀንሱ። ጥቅጥቅ ላለው ጌጥ ደግሞ ሆዱ ስር ቦይ ያለው የሳቲን እግር ነው የሚገጠመው፣ የተቆለለው ክር በቦዩ ውስጥ ያልፋል፣ ጠፍጣፋ እግር ከሆነ ክሩ ላይ ይወጣና ይቆማል።

ከዛ ናሙና። ናሙና የማትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ ግን ይሄን አትዝለሉት። ከምትሰሩበት ጨርቅ፣ ከባቲንጉና ከገበሩ ተራፊ ቆርጣችሁ መዳፍ የሚያክል ሦስት ንብርብር ስሩና ሞክሩበት፣ ነጠላ ጨርቅ ላይ የሞከራችሁት ምንም አይነግራችሁም። አንድ መስመር ስፉና አጠገቡ በሚታጠብ እስክሪፕቶ ስፋቱን ርዝመቱን ቴንሽኑን ጻፉ፣ ሌላ ሴቲንግ ስፉ፣ ጻፉ። አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ላይኛው ላይ፣ መርፌው በወጋበት ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ ነጥብ ሆኖ የቦቢኑ ክር ብቅ ብሎ ይታያል? የላይ ክር ከልክ በላይ ተወጥሯል ማለት ነው፣ ቴንሽኑን ከ4 ወደ 3.5፣ ከዛ ወደ 3 ቀንሱ፣ ነጥቡ እስኪጠፋ። ገልብጡት። ገበሩ ላይ የላይኛው ክር ዞር ዞር ብሎ ቀለበት ሰርቶ ከታየ ደግሞ ማላላቱን አበዛችሁት፣ ትንሽ መልሱት። ትክክለኛው ሁለቱ ክሮች የሚጠላለፉባት ቋጠሮ ባቲንጉ ውስጥ ተደብቃ ከላይም ከታችም ስትጠፋ ነው። ነጠላ ጨርቅ ላይ ጌጥ ስትሰፉ ግን ነገሩ ይለያል፣ እዛ የላይኛው ክር ትንሽ ወደ ስር ቢሳብ ይሻላል፣ ጠርዙ ጥርት ይላል፣ ስሩን ማንም አያየውም።

ሌላ ናሙናው ላይ የምታዩት ነገር ቅርጹ መዛባቱ ነው። ወደ ኋላ የሚመለስ ጌጥ ወፍራም ነገር ላይ ሲሰፋ ማሽኑ ወደፊት የሄደውን ያህል መመለስ ያቅተዋል፣ አበባው ይረዝማል ወይ ሳይገጥም ይቀራል። ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ ሰርቪስ እንዳትወስዱት፣ ባላንስ የሚባል ማስተካከያ አለው፣ ስክሪን ያለው ላይ ፕላስና ማይነስ ነው፣ ሌላው ላይ ጎኑ ላይ በካቻቪቴ የምትዞር ብሎን ናት፣ ማኑዋሉ ላይ ታገኟታላችሁ። በጣም በትንሹ እያዞራችሁ ቅርጹ እስኪገጥም ሞክሩ፣ ስትጨርሱ ግን ወደ ቦታዋ መልሷት፣ አለበለዚያ በኋላ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሰሩ ጉድ ይፈላል።

በቃ አሁን እንስራ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻለው የሕፃን ብርድ ልብስ ነው፣ ያለቀለት 36 በ 40 ኢንች ገደማ። ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ለማሾለክ አያስቸግርም፣ ትልቅ አልጋ የሚያክል ኩዊልት ግን ክብደቱ ራሱ ጨርቁን ይጎትተዋል። 12 ጥብጣብ ቁረጡ፣ እያንዳንዱ 3.5 ኢንች ወርድ 40 ኢንች ርዝመት (ጥቅጥቅ ያለ ጌጥ የምትፈልጉ ግን ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቀጥለውን አንቀጽ አንብቡ)። ብዙ ሕትመት ያለበት አበባ አበባ ጨርቅ አትምረጡ፣ ጌጥ ስፌቱ ውስጡ ይጠፋል፣ ነጠላ ቀለም ወይ ደብዘዝ ያለ ሕትመት ይሁን። ጥብጣቦቹን ፊት ለፊት አርጋችሁ ሩብ ኢንች ትታችሁ ገጣጥሙ፣ ወርዱ 36.5 ኢንች ይመጣል። መገጣጠሚያዎቹን በካውያ ተኩሱ፣ ወደ አንድ ጎን። ገበሩም ባቲንጉም ከላይኛው በየጎኑ 3 ኢንች ያህል ይተርፉ፣ ማለትም 42 በ 46 አካባቢ፣ አንድ ያርድ ተኩል ጨርቅ ይበቃችኋል። የባቲንጉ ማሸጊያ ላስቲክ ላይ ስፌቱ ቢበዛ በየስንት ኢንቹ መሆን እንዳለበት ተጽፏል፣ አንዳንዱ እስከ 10 ኢንች ይፈቅዳል አንዳንዱ 4 ብቻ፣ እኛ በየ3 ኢንቹ ስለምንሰፋ የትኛውም ይሆናል።

ጥቅጥቅ ያለ ጌጥ ከፈለጋችሁ ሰዓቱ ጥብጣቦቹን ከመገጣጠማችሁ በፊት ነው። ሁለት ሦስት ጥብጣብ መርጣችሁ ገና ሳይገጣጠሙ መሀል ለመሀል ቅጠሉን ወይ ልቡን ስፉበት፣ ግን ከስሩ ስታቢላይዘር (ጨርቁን ደግፎ የሚይዝ ወረቀት መሳይ ነገር) ይኑር፣ ተቀዶ የሚወጣው ዓይነት፣ ከሌለ ጨርቁ ይሸበሸባል። ጥቅጥቅ ያለ ጌጥ ጨርቁን ስለሚያሳጥረው እነዚህን ጥብጣቦች 4.5 በ 42 ብላችሁ ቁረጡና ጌጡ ካለቀ፣ ከተተኮሰ በኋላ ወደ 3.5 በ 40 አስተካክሏቸው። ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ልክ ቆርጦ ከዛ ጌጥ ይሰፋበታል፣ ከዛ ሲገጣጥም አንዱ ጥብጣብ አጥሮ ይመጣል።

ገበሩን መሬት ላይ ወይ ጠረጴዛ ላይ ገልብጣችሁ ዘርጉ፣ ወጠር አርጋችሁ ጠርዙን በቴፕ ያዙት፣ ባቲንጉን ከላይ፣ ላይኛውን ከሱ በላይ። ከዛ በመርፌ ቁልፍ በየ4 ኢንቹ ያዙት። የሚነፋ ማጣበቂያም አለ፣ ፈጣን ነው፣ መስኮት ከፍታችሁ። መርፌ ቁልፉን መገጣጠሚያው ላይ አትሰኩ፣ የምንሰፋው እዛው ላይ ነው።

ጌጥ ከመጀመራችሁ በፊት መሀለኛውን መገጣጠሚያ በቀጥታ ስፌት ውስጡን ለውስጡ ስፉት፣ ከዛ ከሱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ እየዘለላችሁ እንደዛው። ይሄ መልህቁ ነው፣ ሦስቱ ንብርብር ከተያዘ ጌጡ ቢጎትተውም አይጣመምም። ከዛ ወደ መሀል ተመለሱና ሞገዱን አስጀምሩ፣ መሀለኛው መገጣጠሚያ ላይ፣ የእግሩ መሀል ምልክት በመገጣጠሚያው መስመር ላይ እየሄደ። የምትጀምሩት ከላይኛው ጨርቅ ውጪ ተርፎ ካለው ባቲንግ ላይ ነው፣ አልፋችሁ ሌላው ጫፍ ያለው ባቲንግ ላይ ትጨርሳላችሁ፣ ስለዚ ጅማሬው ላይ ወደ ኋላ መስፋት ምናምን አያስፈልግም፣ ጫፉ በኋላ ተቆርጦ ጠርዙ ውስጥ ይገባል። ዓይናችሁ መርፌው ላይ እንዳይሆን፣ መርፌ ካያችሁ ግራና ቀኝ ሲል አብራችሁ ትወዛወዛላችሁ፣ የእግሩን ምልክት ብቻ ተከተሉ። አትጎትቱ አትግፉ፣ ስፒዱ መካከለኛ እኩል ይሁን። ማረፍ ከፈለጋችሁ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይቁም።

የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ምን መሰላችሁ፣ መገጣጠሚያው ትንሽ ጠመም ብሎ ቢሆን 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሞገድ ይሸፍነዋል። ቀጥታ ስፌት ግን ጥመቱን ያጋልጠዋል። 11 መገጣጠሚያ አለ፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጌጥ ማረግ ትችላላችሁ፣ ወይም ሞገድና ባለ ሦስት እርምጃ ዚግዛግ እያፈራረቃችሁ። ከሦስት ዓይነት በላይ አትቀላቅሉ፣ አለበለዚያ የማሽን ሻጭ ናሙና ነው የሚመስለው። ክሩም አንድ ቀለም ይሁን፣ ወይ ከጨርቁ አንድ ሁለት ደረጃ የጠቆረ። ላባ ከመረጣችሁ አቅጣጫ እንዳለው አትርሱ፣ አንዱን መስመር ከላይ ሌላውን ከታች ከጀመራችሁ ላባዎቹ ተቃራኒ ያያሉ፣ ያ ደግሞ ሆን ተብሎ ከሆነ ያምራል፣ ሳይታሰብ ሁለቱ ብቻ ከተገለበጡ ግን ዓይን ውስጥ ይገባል።

ክር መሀል ላይ ቢበጠስ አትደንግጡ፣ የተበላሸውን እስከ አንድ ሙሉ ቅርጽ መጀመሪያ ፍቱት፣ ቅርጹን ከመጀመሪያው የሚያስጀምረውን ቁልፍ ንኩ፣ መርፌውን በጎማው አውርዳችሁ የድሮው ቀዳዳ ላይ አሳርፉት፣ ቀጥሉ። የቀሩትን ጫፎች በእጅ መርፌ ቋጥራችሁ ባቲንጉ ውስጥ ቅበሩ። ጎትቶ መቁረጥ ብቻ ከታጠበ በኋላ ይፈታል።

ዳር ዳሩን የሚዞር ጌጥ ለምትፈልጉ ሒሳብ አለው። 10 ቅርጽ ሰፍታችሁ ለኩ፣ 125 ሚሊሜትር ከመጣ አንዱ 12.5 ነው። 36 ኢንች 914 ሚሊሜትር ነው፣ ለ12.5 ሲካፈል 73 ቅርጽና 2 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ፣ እሱ ስትሰፉ ሳይታወቅ ይጠፋል። ግማሽ ቅርጽ ከተረፈ ግን ርዝመቱን በጥቂቱ ቀይሩና እንደገና ለኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማዕዘን ላይ ቅርጹን አገጣጥሞ ማዞር አድካሚ ነው፣ እኔ ማዕዘኖቹ ላይ ሌላ ቀለም ካሬ ጨርቅ አስገብቼ ጌጡን ካሬው ጋ ሲደርስ ማስቆም ነው የምወደው፣ ማንም አያውቅባችሁም፣ እንዲያውም ታስቦበት የተሰራ ይመስላል።

ስለ ጥበብ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ያላችሁ ጥለቱን ቆርጣችሁ ኩዊልት ላይ ማስገባት ትችላላችሁ፣ በጣም ያምራል፣ ግን ሸማው ልል ስለሆነ እንዳለ ከቆረጣችሁት ይተረተራል። ከመቁረጣችሁ በፊት ጀርባው ላይ በካውያ የሚለጠፈውን ስስ ፊውዚብል ለጥፉ፣ ከዛ ቁረጡ። የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት ካውያውን ቀዝቀዝ አርጉና ሌላ ጨርቅ ጣል አርጋችሁ ተኩሱ። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ በለብ ያለ ውሃ አርሳችሁ ጥበቡን ጫን ብላችሁ እሹት፣ ነጩ ከቀላ ኩዊልት ውስጥ አታስገቡት። ጥበቡ ራሱ ጌጥ ስለሆነ ላዩ ላይ ሌላ ጌጥ አትስፉበት፣ ሁለቱን ጠርዝ ብቻ ብላንኬት ስፌት በሚባለው ያዙት። እሱ ስፌት ቀጥ ብሎ ይሄድና በየመሀሉ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ይነክሳል፣ ቀጥተኛው ክፍል ከጥበቡ ውጪ ጠርዙን ታኮ ይሂድ፣ ንክሻው ጥበቡ ውስጥ ይግባ፣ ስፋቱም ርዝመቱም 2.5 ወይ 3። ጥግ ላይ ስትደርሱ መርፌው ውጪ በኩል ወግቶ ሳለ አቁማችሁ እግሩን አንሱና አዙሩት። ጫፉ ሳይታጠፍ የሚለጠፍ ማንኛውም ቅርጽ፣ ለሕፃኑ ስም ፊደል ቆርጣችሁ ብትለጥፉ እንኳን፣ በዚሁ ነው የሚያዘው። ጥበብ ያለበትን ግን ለሕፃን ከማረግ ለሶፋ ትራስ ወይ ለግድግዳ አርጉት፣ የብርድ ልብስን ያህል መታጠብ አይችልም።

ጠርዙ ላይ ደርሰናል። ተርፎ ያለውን ባቲንግና ገበር በማስመሪያ ቁረጡ፣ አራቱም ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሁን። 2.5 ኢንች ወርድ ያላቸው 5 ጥብጣብ ቀጥላችሁ ለሁለት አጥፋችሁ ተኩሱ፣ ይሄ ባይንዲንግ፣ የጠርዙ መጠቅለያ ነው። በእጅ የሚጨርሱት ሰዎች መጀመሪያ ፊት ለፊት ሰፍተው ወደ ጀርባ ያጥፉና በእጅ ይለቅማሉ፣ እኛ ግን ተቃራኒ ነው የምናረገው፣ መጀመሪያ ከጀርባ በኩል ስፉት፣ ወደ ፊት አጥፉት፣ ከዛ ከፊት በኩል የታጠፈውን ጫፍ በሞገድ ወይ በብላንኬት ስፌት ስፉበት። የሕፃን ነገር በየሁለት ቀኑ ነው የሚታጠበው፣ የእጅ ስፌት ቶሎ ይለቃል፣ ይሄ አይለቅም።

ስትጨርሱ እጠቡት። ጥጥ ባቲንግ ከታጠበ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰበሰባል፣ ስለዚ ከማድረቂያ ሲወጣ ትንሽ ጭምድድ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ያ ብልሽት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚወደው ያንን ነው፣ ካውያ አታሳርፉበት። ማሽኑንም አትርሱት፣ ባቲንግ ብናኙ ብዙ ነው፣ ሳህኑን ፈታችሁ ጥርሶቹ መሀልና ቦቢኑ ቤት ውስጥ ያለውን በብሩሽ ጥረጉት፣ በአፍ እፍ አትበሉት፣ እርጥበት ይገባበታል። መርፌውንም ጣሉት፣ ይህን ሁሉ ንብርብር ወግቶ ደንዟል።